ቤቴን የዘለለው ጽዋ

ተራዬን ነጠቁኝ። ባለፈው ዓመት በግንቦት ሚካኤል ወደ ቤቴ መምጣት የነበረበትን የማኅበር ጽዋ፣ እኔን አልፈው ለሌላ ሰው ሰጡት። ምክንያቱ አንድ የካርቱን ፊልም ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሚስቴም አልሳቀችም።

ይህን የምጽፈው ከአእምሮዬ ስላልወጣ ነው። ሰዎች “ያለፈ ነገር ነው፣ ተረስቷል እኮ” ይሉኛል። የረሱት እነሱ ናቸው።

የምኖረው ነቀምቴ ነው፤ ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። በልጅነቴ ከጎጃም ተሻግሬ መጀመሪያ ኡኬ በምትባል የገጠር ቦታ በቆሎ ስፈለፍል ኖርኩ፤ ከዚያ ወደ ከተማ ገባሁ። እንደኔ ከወዲያ ማዶ የመጡ ሰዎች የሚካኤል ማኅበር አላቸው። በየወሩ በዐሥራ ሁለት በአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ቄሱ ያስተምራሉ። መጨረሻ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው በዝማሬ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ወሩን ሙሉ እቤቱ ያሳድረዋል፤ በወሩ እሱ ይደግሳል። ጽዋ ተራ አይዘልም። ተረኛው ቢሞት እንኳ ለቤተሰቡ ይሰጣል እንጂ ደጁን አያልፍም።

ሚስቴ ይመኙሻል የልብ ሕመምተኛ ነበረች። አንድ ጊዜ ጠንቶባት ስትተርፍ ለሚካኤል ተሳለች። “አንድ ጊዜ ጽዋህን ቤቴ አሳድሬ፣ ማኅበርተኛውን በእጄ ላጠጣ” አለች። ማኅበሩ ውስጥ የገባነው ዘግይተን ስለሆነ ተራ ደርሶን አያውቅም ነበር። የግንቦቱ የመጀመሪያችን ነበር።

ልጅ አልወለድንም። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ለመምህርት ጫልቱ አከራይተናል። ጫልቱ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ፕሮቴስታንት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ካርቱን ታሳያቸዋለች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ልጆቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ሲያዩ ይመኙሻል አየቻቸው።

“እኛ ሳሎን ይግቡ” አለች። “ቴሌቪዥኑም የእኛው ይሻላል።”

“ካርቱን ልጅ ማደንዘዣ ነው” አልኳት።

“አንተን ማን ጠየቀህ?” አለችኝ።

ገቡ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቤቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ደጃፉ በልጅ ጫማ ይሞላል። ይመኙሻል ቆሎ ትቆላለች፤ ልጆቹ መሬት ላይ ይበትኑታል፤ እኔ እጠርጋለሁ። የኦርቶዶክስ ልጅ አለ፣ የፕሮቴስታንት ልጅ አለ። አማርኛ የሚሰማ አለ፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማ አለ። ሁሉም አካኮ ይሉኛል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሸመገልኩ በኋላ ነው። ያስቆጠረችኝም ይቺው ጫልቱ ናት። ፊልሞቹ የሚያወሩት በፈረንጅ አፍ ነው፤ ከሥር ግን የአማርኛ ጽሑፍ ያልፋል። ትንንሾቹ ማንበብ አይችሉም። አንድ ቀን ጫልቱ፣ “ኦቦ ታከለ፣ ማሎ፣ እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ እኔ ወደ ኦሮምኛ እመልሰዋለሁ” አለችኝ። ኦቦ አቶ፣ ማሎ እባክዎ ማለት ነው። እምቢ ልል ነበር፤ ይመኙሻል አየችኝ። አነበብኩ።

ጽሑፉ ይሮጣል። እኔ አልሮጥም። አንዱን ቃል ይዤ ስታገል ሌላው ይመጣል። “አቁሚው!” እላለሁ። ጫልቱ ታቆመዋለች። ልጆቹ ይንጫጫሉ።

“አካኮ፣ ቶሎ በል! ጅቡ ሊበላው እኮ ነው!”

“ጅቡ ይጠብቅ፤ ቃሉ ረዥም ነው።”

ይመኙሻል በሳቅ ትፈርሳለች። የሳቋ ድምፅ እስካሁን አለ፤ ፊቷ ግን እየጠፋብኝ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ጫልቱ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። “ልጆች፣ እግዚአብሔር የሚወደው ነገር የቱ ጋ ነበር?” ትላለች። ልጆቹ እጃቸውን ያወጣሉ። አንዱ “ዝንጀሮዋ ሙዟን ያካፈለች ጊዜ” ይላል። ሌላው “ቀበሮው እውነቱን የተናገረ ጊዜ” ይላል። እኔ በልቤ፣ አውሬ ምን ወንጌል ያውቃል፣ እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ የአህያውን ፊልም አመጣች። አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት አሉ። አይጥ ለዘር ያስቀመጡትን እህል ይበላባቸዋል። ደብድበው ያባርሩታል። ከዚያ ወንዙ ይሞላና ግቢው በጎርፍ ይዋጣል። ሁሉም ኮረብታ ላይ ይወጣሉ። አንድ ሽማግሌ አህያ አለ፤ ዞር ዞር ብሎ ያይና “አይጥ የለም” ይላል። አውራ ዶሮው “እንኳንም የለ! ሌባ ነው” ይለዋል። አህያው ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ወደ ውኃው ሊገባ ሲል ዞር ብሎ፣ “የምፈልገው ሌባውን አይደለም፤ የጎደለውን ነው” አለ።

“አቁሚው” አልኩ።

ጫልቱ ቃሉ ከብዶኝ መስሏት ልትነግረኝ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልከበደኝም። መልሼ አነበብኩት።

የጠፋችውን በግ ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሰምቻለሁ። በዚህ ጆሮ ገብቶ በዚያ ይወጣ ነበር። በራሴ ዓይን፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ያውም ከአህያ አፍ። እንዲያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ጫልቱ እንደ ልማዷ ጠየቀች። ሶስና የምትባል ፊት ፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

“ኢየሱስ አህያው ነው” አለች።

“ዝም በይ!” አለቻት ጓደኛዋ። “ኢየሱስ አህያ ላይ ነው የሚቀመጠው!”

ይመኙሻል ደረቷን ይዛ ሳቀች። ጫልቱም ስቃ ስታበቃ፣ “ማንም ይሁን፣ ሲሄድ አያችሁት?” አለቻቸው። “አየን!” አሉ። “በቃ” አለች።

ነገሬ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በሚያዝያ ሚካኤል ማኅበሩ ላይ የወይዘሮ አበበች ጉዳይ ተነሣ። አበበች ባሏ የሞተባት የማኅበራችን አባል ናት። አንድ ልጇ ፕሮቴስታንት ሆኖ ቢላ ከተማ አገባ። እሷም ሠርጉ ሄደች። የጸሎት አዳራሻቸው ውስጥ ተቀምጣ ታየች ተባለ። እሷ በሌለችበት ከማኅበር ትውጣ የሚል ሐሳብ ቀረበ።

የማኅበራችንን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው። ሙሴያችን አያ ሞላ ነው፤ እሱም የጎጃም ሰው ነው። ጾሙን የማይገድፍ፣ ቃሉን የማያጥፍ፣ ደረቅ ሰው።

“አዳራሽ ገብታለች” አለ አያ ሞላ። “ዛሬ እሷን ዝም ካልን ነገ ሁሉም ይገባል።”

“ልጇን እየዳሩላት ነበር። የት ትቁም? አጥር ላይ?” አልኩ።

“ድንኳኑ ነበረላታ!”

“ልጅ ወልዳ ድንኳን ጠባቂ ትሁን?”

ጥቂት ሰው ሳቀ። አያ ሞላ አልሳቀም። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን መተው አላውቅበትም። ተነሥቼ የአህያውን ታሪክ ከነጎርፉ ነገርኳቸው። 

“ይሄን ከየት አመጣኸው?” አለኝ አንዱ።

“ከካርቱን።”

“ያቺ ጴንጤዋ ተከራይህ ከምታሳየው?”

“ፊልሙ የማን እንደሆነ አላውቅም። አህያው ግን ከእናንተ ይሻላል።”

ብያለሁ። አልካድኩም፤ ዛሬም እላለሁ። አያ ሞላ ብድግ አለ።

“የሚካኤልን ማኅበር ከአህያ አሳነስክ!”

“ማሳነስ አይደለም። አህያው ነው የበለጠው።”

ቄሱ “ተዉ ልጆቼ፣ ምሳሌ ነው የተናገረው” አሉ። ቀስ ብለው ስለተናገሩ ማንም አልሰማቸውም። የአበበች ነገር ሳይወሰን ተበተንን። እሷ ግን ወሬው ደርሷት ከዚያ ወዲያ ቀረች።

ይህን ለይመኙሻል አልነገርኳትም። እሷ ያን ወር ሥራ ላይ ነበረች። የሳሎኑን ግድግዳ አስመረገች። ለጠላው ብቅል አበቀለች፣ አሰጣች፣ በከረጢት አድርጋ አስቀመጠች። ጽዋው የሚያርፍበትን በርጩማ ጥግ ላይ አድርጋ ነጭ ጨርቅ አለበሰችው። እየደከማት፣ እየተቀመጠች፣ እየተነሣች ነው ይህን ሁሉ የሠራችው። ልጆቹ በርጩማው ላይ እንዳይቀመጡ “ይቺ የእንግዳ ናት” ትላቸው ነበር።

የግንቦት ሚካኤል ደረሰ። ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተጠጣ። ተረኛ የሚጠራበት ሰዓት ሆነ። ይመኙሻል ተነሥታ ቆመች። እጆቿን በነጠላዋ ሸፍና ዘርግታለች። አያ ሞላ ጽዋውን አንሥቶ መጣ። በፊቷ አለፈ። ከእኛ ቀጥሎ ላለው ሰው ሰጠው።

ሴቶቹ እልል ማለት ጀምረው ነበር፤ መሐል ላይ ተቋረጠ። ሰውየው ጽዋውን እንደያዘ የሚገባበት ጠፋው። አንድም ሰው “ተራው የታከለ ነው” አላለም። አንድም ሰው። እኔም አላልኩም፤ ይመኙሻል ክንዴን ይዛኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ “ረስተው ይሆናል” አለች።

“አልረሱም” አልኳት። ያኔ ምክንያቱን ነገርኳት።

“የተናገርከውስ እውነት ነው” አለች።  በርጩማውን ግን አላነሣችውም። ነጩ ጨርቅ እዚያው ላይ ቀረ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሞተች።

ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ። አስከሬኗን ተሸከሙ። አያ ሞላ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥኩበት አግዳሚና እኔ ልዩነት አልነበረንም። ሰው እየመጣ “አልቅስ፣ ይወጣልሃል” ይለኛል። ምኑ ነው የሚወጣው? ያለ ነገር ነው የሚወጣ። ሰዎቹን አያቸዋለሁ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጄን ይጨብጣሉ። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ እሱን እሰማ ነበር።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ጫልቱ መጣች። “ኦቦ ታከለ፣ ልጆቹ ይምጡ እንዴ? ወይስ ይቅር?” አለች።

“እንደፈለግሽ።”

መጡ። ቆሎ አልነበረም። ልጆቹ በርጩማውን አይተው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ማንም አልነገራቸውም። እኔ እንደ ድሮው አነበብኩ። ጽሑፉ ይመጣል፣ አነባለሁ፣ ይሄዳል። ወፍጮው ውስጥ እህል ስጨምርም እንዲሁ ነው።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ልጆቹ “ሀሬ! ሀሬ!” ብለው ጮኹ። ሀሬ በኦሮምኛ አህያ ነው። የአህያውን ፊልም ድገሙልን ማለታቸው ነው። ጫልቱ አየችኝ። “ክፈቺው” አልኳት።

ፊልሙ መሐል ላይ በሩ ተመታ። አያ ሞላ ነው። ዱላውን ይዟል። ይቺ ፊት ፊት የምትቀመጠው ሶስና ለካ የልጁ ልጅ ናት! ሱቅ ሄድኩ እያለች ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ስትመጣ ኖራለች። እኔ የትኛውን ልጅ ማን እንደወለደው ጠይቄ አላውቅም።

“ሶስና! ውጪ!” አለ።

“አያቴ፣ ትንሽ ቆይ! አህያው ውኃ ውስጥ እየገባ ነው!”

ግባ አላልኩትም። ማንበቤንም አላቆምኩም። አንድ እግሩ ደፍ ላይ፣ አንድ እግሩ ውጪ ሆኖ ቆመ።

አህያው አይጡን ያገኘዋል። አይጡ ጎርፉ የገነጠለው በር ላይ ተቀምጦ ይንሳፈፋል። “ሂድ! ያን ጊዜ ስትደበድቡኝ የት ነበርክ? ምሕረታችሁን አልፈልግም” ይለዋል። አህያው ምንም አይመልስም። ከበሩ አጠገብ ውኃው አንገቱ ድረስ ውጦት ዝም ብሎ ይቆማል።

ጽሑፍ የለም፤ እኔም ዝም አልኩ። ቤቱ ውስጥ የውኃው ድምፅ ብቻ ነው።

“ከዚያስ?” አለ አያ ሞላ ከበሩ።

ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አላነሣሁም።

“ዝም ብለህ እይ” አለችው ሶስና።

ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አይጡ ብዙ ይቆያል፤ ይሳደባል፤ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ አህያው ጀርባ ላይ ይወጣል። በሩን ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጫልቱ ጥያቄዋን አልጠየቀችም፤ አያ ሞላን ፈርታ ይሁን አይሁን አላውቅም።

አያ ሞላ ጥጉን እያየ ነበር።

“ይቺ በርጩማ ምንድን ናት?” አለኝ።

“የጽዋው ናት። ይመኙሻል ነች ያዘጋጀችው።”

 የሶስናን እጅ ይዞ ወጣ። ዱላውን ረስቶት ሄደ።

የኅዳር ሚካኤል መጣ። እኔ ከግንቦት ወዲህ ማኅበሩን ረግጬው አላውቅም፤ ያን ቀንም ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝማሬ ሰማሁ። በሰፈሩ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። የእኔ አጥር በር ላይ ቆመ።

“ታከለ፣ ክፈት” አለ አያ ሞላ።

ወጥቼ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ጽዋውን የያዘው እሱ ነው። አጠገቡ ወይዘሮ አበበች ቆማለች። ራሱ ቤቷ ሄዶ ለምኖ እንዳመጣት ኋላ ነው የሰማሁት። ሌሎቹ ከኋላ አሉ።

“ተራዬ ካለፈ ቆየ” አልኩ ከውስጥ። “ባለስለቷም የለችም። ይዛችሁ ሂዱ።”

“ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ታከለ።”

“አውቃለሁ። ሂድ።”

ዝማሬው ቆመ። አልሄደም፤ ሌላ ቃልም አልተናገረም። ጽዋ መሬት አይቀመጥም፤ ሽማግሌው በሁለት እጁ እንደያዘው ፀሐይ ላይ ቆመ። እኔም ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ይቁም አልኩ። ይመኙሻልም እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር።

ጫልቱ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ያሉትን አየች፤ ከዚያ በመስኮቴ ብቅ አለች።

“ኦቦ ታከለ።”

“ምን ፈለግሽ?”

“ማሎ አይቆጡኝ። አይጡ እርስዎ ሆኑ እኮ።”

“ሂጂ ከዚህ!” አልኳት። ሄደች። ሌላ ሰው ብሎኝ ቢሆን ዱላ አነሣ ነበር፤ ያውም የአያ ሞላ ዱላ እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር።

ተቀምጬ በርጩማውን አየሁት። ጨርቁ አቧራ ይዟል። ስለቱ የእሷ ነው፤ ኩርፊያው የእኔ ነው። የእኔን ይዤ የእሷን ደጅ ላይ ማስቆሜ ታየኝ። አህያ አይደለም ያስነሣኝ፤ የወንጌል ቃልም አይደለም። ያ ጨርቅ ነው። አራገፍኩት፤ መልሼ አለበስኩት። ከዚያ ከፈትኩ።

አያ ሞላ ጽዋውን አሁንም በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ “ለእኔ አትንገረኝ። እዚያ አስቀምጠው” አልኩት። ገብቶ በርጩማው ላይ አስቀመጠው። አበበች እልል አለች። ይሄኛው እልልታ አልተቋረጠም።

አሁን ሰዎች “ታረቃችሁ?” ይሉኛል። ሰላም እንባባላለን። አያ ሞላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶስናን ራሱ ያመጣታል፤ ቁጭ ብሎም ያያል። አንዳንዴ ከልጆቹ በላይ ይጠይቃል፤ ሶስና ታፍርበታለች። እኔ አሁን “አቁሚው” ሳልል አነባለሁ። የጫልቱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም፣ የእኛዎቹም፣ ካርቱን ውስጥ ክርስትና አለ ወይ እያሉ ይከራከራሉ። እኔን አትጠይቁኝ። አህያው ወደ ውኃው ሲወርድ አንብቤያለሁ። ከዚያ በላይ አላውቅም።

ልቤ በርቷል ብዬ አልዋሽም። ጽዋው ሲገባ ደስታ አልተሰማኝም፤ ቂሙም የት እንደሄደ አላውቅም። እንባውም አልመጣም። ቤቱ ባዶ ነው። አንድ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር፣ ለድግሱ አበበች ጠላ ልትጠምቅ ስትመጣ ብቅል ልግዛ አለችኝ፤ አትግዢ ብዬ የይመኙሻልን ከረጢት አወረድኩላት። አልነቀዘም ነበር።

ማኅበሩ ቤቴ ተቀምጦ ያን ጠላ የጠጣው ታኅሣሥ 12 ቀን ነው።